ሆቴልን በጆሮ መምረጥ

ከተማ ውስጥ ደህና እራት የሚበላበት፣ ረጋ ብሎ አንድ ሁለት የሚባልበት፣ ሲያሻም አድሮ የሚታረፍበት ያማረ ሆቴል የሚፈልግ ሰው ብዙውን ጊዜ ምርጫውን የሚጀምረው ፎቶግራፍ በማየት ነው። እኔም ፎቶውን አያለሁ፤ ውሳኔዬን ግን በእሱ ላይ አላሳርፍም። ካሜራ ወለሉን፣ ወንበሩን፣ የመጠጥ መደርደሪያውን አሳምሮ ያሳያል፤ ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ላይ አዳራሹ ሲሞላ በዚያ ክፍል ውስጥ ሰው ከሰው ጋር መነጋገር ይችል እንደሆነ ግን ሊያሳይ አይችልም። መብሉን፣ መጠጡንና ዕረፍቱን በአንድ ጣሪያ ሥር አሟልቶ የሚሰጥ ሆቴል ላዩን ብቻ ካማረው ሆቴል የሚለየው ከሁሉ አስቀድሞ በድምፅ አያያዙ ነው ብዬ አምናለሁ፤ የቀሩትን መመዘኛዎች የማያቸው ከዚያ በኋላ ነው።

ይህን የምለው ዛሬ ዘመናዊ የሚባለው የውስጥ ማስዋብ ሥራ በአብዛኛው ድምፅን የሚያባብስ ስለሆነ ነው። የተወለወለ እብነ በረድ፣ ከወለል እስከ ጣሪያ የሚደርስ መስታወት፣ ልስን ያልተደረገለት የኮንክሪት ጣሪያ፣ ልብስ የሌለው ጠረጴዛ፣ ሁሉም በፎቶ ላይ ያምራሉ፤ ሁሉም ደግሞ ድምፅን ከመምጠጥ ይልቅ መልሰው ይወረውራሉ። ሁለት ሰዎች ፊት ለፊት ተቀምጠው በመደበኛ ድምፅ ሲነጋገሩ ድምፁ 60 ዴሲቤል ገደማ ነው። በክፍሉ ውስጥ ያለው ጫጫታ ከዚያ ሲበልጥ ሁሉም ሰው ሳይታወቀው ድምፁን ከፍ ያደርጋል፤ ጎረቤት ጠረጴዛ ያሉትም ይህን ተከትለው ይጨምራሉ፤ የሙዚቃው ኃላፊ ደግሞ ሙዚቃው አልሰማ ሲለው እሱም ይጨምራል። ሰው በጫጫታ መካከል ሳያስበው ድምፁን ከፍ የማድረጉን ነገር ኤቲየን ሎምባር የተባለ ፈረንሳዊ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1911 ስለገለጸው ክስተቱ እስከ ዛሬ በእሱ ስም ይጠራል። ስለዚህ አዳራሹ ባዶ በሆነበት በአሥር ሰዓት ገብቶ «እንዴት ጸጥ ያለ ቦታ ነው» ማለት ምንም አያረጋግጥም፤ ፈተናው የሚጀምረው ግማሹ ወንበር ሲያዝ ነው።

አንድ ጊዜ ከወዳጄ ጋር የገባሁበት ስሙን የማልጠቅሰው ሆቴል ለዚህ ጥሩ ማሳያ ነው። የምግብ አዳራሹ ሦስት ጎኑ መስታወት ነበር፤ ከተማው ከነመብራቱ ከበታቻችን ተዘርግቷል፤ ሳህኑ፣ ብርጭቆው፣ የአስተናጋጆቹ አለባበስ እንከን አልነበረውም። ይሁን እንጂ ወዳጄ የሚለኝን ለመስማት በጠረጴዛው ላይ ማጎንበስ ነበረብኝ፤ አስተናጋጁም ትእዛዛችንን ሁለት ጊዜ አስደገመን፤ ከኋላችን ሹካ በወደቀ ቁጥር ሁለታችንም እንዞር ነበር። ምግቡ ጥሩ እንደነበር አስታውሳለሁ፤ ምን እንደበላን ግን ትዝ አይለኝም። እንዲህ ዓይነቱን ቤት አበው «ላዩን ሲያዩት ያማረ፣ ውስጡን ለቄስ» ይሉታል።

ውበትና ጸጥታ የማይታረቁ ነገሮች እንዳልሆኑ ግን ማስረጃ አለ። የዴንማርኩ አርክቴክት አርነ ያኮብሰን በኮፐንሃገን ከተማ እ.ኤ.አ. በ1960 የተከፈተውን ኤስ ኤ ኤስ ሮያል ሆቴል ሲነድፍ ከሕንፃው አንሥቶ እስከ መመገቢያው ሹካና ቢላ ድረስ ያለውን ሁሉ ራሱ አውጥቶታል። ለዚያ ሆቴል ከሠራቸው ነገሮች አንዱ «እንቁላል» የሚባለው ወንበር ነው። ጀርባው ከፍ ብሎ ጎንና ጎኑ ወደፊት ስለሚታጠፍ የተቀመጠውን ሰው ከግራና ከቀኝ ያቅፈዋል፤ በዚህም ሰው በሚተላለፍበት ሰፊ ሎቢ መካከል ለአንድ ሰው የሚበቃ የተከለለ ቦታ ይፈጥራል። ሰዎች ወንበሩን ለመልኩ ይወዱታል፤ እኔ የምወደው ግን ለዚህ ሥራው ነው። በሌላው ጫፍ ደግሞ ጆን ፖርትማን በአትላንታ የሠራውና እ.ኤ.አ. በ1967 የተከፈተው ሃያት ሪጀንሲ አለ። ከሃያ ፎቅ በላይ የሚዘልቀው ክፍት የውስጥ አደባባዩ የሆቴል ሥራን ቀይሯል፤ በየሀገሩም ተቀድቷል። ያንን አደባባይ የሚቀዱ ሆቴሎች ሁሉ ግን አንድ ጥያቄ ይከተላቸዋል፤ ከታች ባሩ ውስጥ የሚሳቀው ሳቅ ከላይ የመኝታ ክፍሎቹ በር ላይ ይደርሳል ወይስ አይደርስም? የክፍሎቹ በር ወደ አደባባዩ የሚከፈት ከሆነ፣ ከመተኛቴ በፊት ባሩ በስንት ሰዓት እንደሚዘጋ ማወቅ እፈልጋለሁ።

ከድምፅ ቀጥሎ ብርሃንን አያለሁ። ሴዛር ሪትስ እ.ኤ.አ. በ1898 በፓሪስ ቫንዶም አደባባይ ስሙን የተሸከመውን ሆቴል ሲከፍት፣ የመብራት መከለያዎቹን ቀለም ለመምረጥ ሚስቱን ከሥራቸው እያስቀመጠ የትኛው ፊቷን እንደሚያሳምር ይመለከት እንደነበር ይተረካል። የቤቱ ውበት መመዘን ያለበት በእንግዳው ፊት ላይ እንደሆነ ገብቶት ነበር ማለት ነው። የዛሬው አምፖል የብርሃኑ ቀለም ኬልቪን በሚባል መለኪያ ተለክቶ ሣጥኑ ላይ ስለሚጻፍ ነገሩ ቀላል ሆኗል፤ 2700 ኬልቪን አካባቢ ያለው ብርሃን ሞቅ ያለ ወርቃማ ነው፣ 4000 የሚደርሰው ደግሞ የቢሮ መልክ አለው። ለእራት የሚሆነው የመጀመሪያው ነው። ይህም ሆኖ ምናሌውን ለማንበብ የስልክ መብራት ማብራት ግድ የሚልበትን ጨለማ እንደ ጥበብ የሚቆጥሩ ቤቶች አልገባኝ ብለዋል።

ስለ ምግቡ አንድ ብዙ ሰው የማያስበው ነገር አለ። በአብዛኞቹ ሆቴሎች ምግብ ቤቱን፣ ወደ መኝታ ክፍል የሚላከውን ምግብና የአዳራሹን ግብዣ የሚያስተናግደው አንድ ዋና ወጥ ቤት ነው። በአዳራሹ ሦስት መቶ ሰው የታደመበት ሰርግ ወይም የድርጅት ስብሰባ ባለበት ምሽት ለሁለት ሰው እራት ያዘዘ እንግዳ ስንት ደቂቃ እንደሚጠብቅ መገመት አይከብድም። ስለዚህ ጠረጴዛ ለመያዝ ስደውል የምጠይቀው በዚያ ምሽት ሌላ ዝግጅት መኖር አለመኖሩንና ወጥ ቤቱ የመጨረሻውን ትእዛዝ በስንት ሰዓት እንደሚቀበል ነው። ምግብ ቤቱ እስከ አምስት ሰዓት ክፍት ነው መባሉ ወጥ ቤቱ እስከ አምስት ሰዓት ይሠራል ማለት አይደለም፤ ከዚያ በፊት ምድጃው ጠፍቶ የሌሊት አጭር ምናሌ ብቻ ሊቀርብ ይችላል። ምናሌው ራሱ አጭር ሲሆን ይበልጥ አምነዋለሁ፤ የአምስት አገር ምግብ በአሥራ ሁለት ገጽ የሚዘረዝር ወጥ ቤት አብዛኛውን ከማቀዝቀዣ ካላወጣ በቀር ሊዘልቀው አይችልም።

ወደ ባሩ ስመጣ ረዘም ብዬ መቆየት እወዳለሁ፤ የሆቴል ጠባይ እንደ ባሩ የሚጋለጥበት ቦታ የለምና። ባንኮኒው ዳር ባለው ከፍ ያለ ወንበር ላይ ተቀምጬ የመጀመሪያውን መጠጥ ከማዘዜ በፊት የባርቴንደሩን እጅ እከተላለሁ። በተለይ የማየው ቬርሙትን ከየት እንደሚያወጣ ነው። ቬርሙት መሠረቱ ወይን የሆነ፣ በቅመማ ቅመም የተቃኘና አልኮሉ በመጠኑ ከፍ የተደረገ መጠጥ ስለሆነ፣ ጠርሙሱ ከተከፈተ በኋላ ማቀዝቀዣ ውስጥ ካልተቀመጠ ቀስ በቀስ ጣዕሙ ይሞታል። ባርቴንደሩ ጎንበስ ብሎ ጉም የለበሰ ጠርሙስ ከማቀዝቀዣው ካወጣ ቤቱ ነገሩን ያውቃል፤ ከኋላው ካለው መደርደሪያ ከአምፖሉ ሥር ግማሽ የቀረ ሞቃት ጠርሙስ ካነሣ ግን ኮክቴሉን ትቼ ሌላ ነገር አዝዛለሁ። ከዚያ በረዶውን አያለሁ። ትልቅና ጥርት ያለ በረዶ ከመጠኑ አንጻር ለመጠጡ የተጋለጠ ገጹ ትንሽ ስለሆነ ቶሎ አይሟሟም፤ ውስጡ ባዶ የሆነ ስስ በረዶ ግን ገና ሁለቴ ሳይጎነጩለት መጠጡን ያቀጥነዋል። በብርጭቆ የሚሸጥ ወይን ለማዘዝ ሲታሰብ ደግሞ ጠርሙሱ መቼ እንደተከፈተ መጠየቅ ነውር የለበትም። የማያፍር ባርቴንደር ወዲያውኑ ይመልሳል፣ እንዲያውም ቅመሱት ብሎ ጥቂት ያፈስሳል።

የሆቴል ባር ትልቅ ስም ያተረፈው በእንዲህ ዓይነቱ ጥንቃቄ ነው። በለንደኑ ሳቮይ ሆቴል አሜሪካን ባር ውስጥ እ.ኤ.አ. ከ1903 እስከ 1926 በኃላፊነት የሠራችው ኤዳ ኮልማን ሃንኪ ፓንኪ የሚባለውን ኮክቴል የፈጠረችው ከጂን፣ ከጣፋጭ ቬርሙትና ፈርኔት ብራንካ ከሚባል መራራ መጠጥ ጥቂት ጠብታ ነው፤ በሦስት ነገር ብቻ የቆመ መጠጥ አንዱ ከተበላሸ የሚሸሸግበት ቦታ የለውም። ስለዚህም አዲስ ቤት ስገባ ጭስ የሚወጣበትንና አበባ የተሰካበትን ትቼ እንዲህ ያለውን ቀላል መጠጥ አዝዛለሁ።

ባሩን ለመምረጥ ግን የራስን ፍላጎት ማወቅም ይጠይቃል። ኢያን ሽሬገርና ስቲቭ ሩበል እ.ኤ.አ. በ1984 በኒው ዮርክ ሞርጋንስን ሲከፍቱ፣ ቡቲክ ሆቴል የሚባለው አነስ ያለና በንድፍ የሚታወቅ ሆቴል እንዲስፋፋ ትልቅ በር ከፍተዋል። ሁለቱም ከዚያ በፊት የታወቀ የምሽት ክበብ ባለቤቶች ስለነበሩ ሆቴልን የሰው መታያና መገናኛ አድርገው አሰቡት፤ ሎቢው ቁልፍ መቀበያ መሆኑ ቀርቶ ራሱ የምሽቱ መድረክ ሆነ። ይህ አስተሳሰብ ዛሬ በየከተማው ሰፍኗል። ለልደት ወይም ከጓደኞች ጋር ለመሰባሰብ ተስማሚ ነው፤ ከሥራ ሳምንት በኋላ አእምሮውን ለማሳረፍ ለመጣ ሰው ግን በዲጄ የታጀበ ሎቢ አቋርጦ ወደ አሳንሰሩ መድረስ ራሱ ሌላ ሥራ ነው። ሆቴሉ ሳሎንና ባሩን በሁለት የተለያዩ ክፍሎች ከከፈለው ሁለቱም ዓይነት እንግዳ ይደሰታል፤ እንዲህ ያሉት ብዙ አይደሉም።

መዋኛ ገንዳና ስፓ ላይ ምክሬ አጭር ነው፤ በዓይን ከማየት በፊት በአፍንጫ ማሽተት ይቅደም። ብዙ ሰው ኃይለኛ የክሎሪን ሽታ የንጽሕና ምልክት ይመስለዋል፤ ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። ያ ሽታ የሚመጣው ክሎሪኑ ከላብና ከሽንት ጋር ሲዋሐድ ከሚፈጠሩት ክሎራሚን ከሚባሉ ውሕዶች ነው፤ በደንብ የተያዘ ገንዳ እምብዛም አይሸትም። የጃኩዚው ሙቀት ከ40 ዲግሪ ሴንቲግሬድ መብለጥ የለበትም፤ ሁለት ኮክቴል ጠጥቶ ወደ ሙቅ ውኃም ሆነ ወደ ሳውና መግባት የደም ግፊትን ስለሚጥል ስፓው ከእራት በፊት ቢሆን ይመረጣል። ገንዳው ከሰገነቱ ባር ጋር ተያይዞ የተሠራ ከሆነም የዕረፍት ስፍራ ነው ብዬ አልቆጥረውም።

ኮከቦቹስ? በዓለም ሁሉ የሚሠራ አንድ የሆቴል ደረጃ መስፈርት የለም። እ.ኤ.አ. በ2009 የተመሠረተው ሆቴልስታርስ ዩኒየን በርካታ የአውሮፓ ሀገራትን በአንድ መስፈርት ሥር አሰባስቧል፤ ከዚያ ውጭ ግን የአንዱ ሀገር ባለአምስት ኮከብ የሌላው ባለአራት ሊሆን ይችላል። ደግሞም ኮከብ በአብዛኛው የሚቆጥረው ያለውን ነገር ነው፤ አሳንሰር አለ፣ የሃያ አራት ሰዓት መስተንግዶ አለ፣ ይላል፤ አሳንሰሩ ከአልጋው ራስጌ በስተጀርባ ሲንጫጫ የሚያድር መሆኑን አይናገርም። ለምግብ ቤቶች ኮከብ በመስጠት የሚታወቀው የፈረንሳዩ መመሪያ ሚሼሊን እ.ኤ.አ. ከ2024 ጀምሮ ለሆቴሎች የሚሰጠው «ቁልፍ» የተሻለ የሚመስለኝ ንድፉን፣ አገልግሎቱንና የቤቱን ጠባይ በመርማሪዎች ዓይን ስለሚመዝን ነው።

የእንግዶችን አስተያየት ሳነብ የተናደዱትንም የተደነቁትንም አልፌ መካከለኛ ነጥብ የሰጡትን እፈልጋለሁ፤ «ሁሉም ጥሩ ነበር፣ ነገር ግን» ብለው የሚጀምሩት ብዙውን ጊዜ እውነቱን ይናገራሉ። ከዚያ ስልክ እደውላለሁ። ከአሳንሰሩ የራቀ፣ ከባሩም ከስፖርት ክፍሉም በላይ ያልሆነ፣ ከላይም ከበታችም የመኝታ ፎቅ ያለው ክፍል ይኖር እንደሆነ እጠይቃለሁ፤ የአገልግሎት ክፍያና ታክስ በተነገረኝ ዋጋ ውስጥ መካተታቸውንም በዚያው አረጋግጣለሁ። ተቀባዩ ፕላኑን አይቶ የክፍል ቁጥር ከነገረኝ፣ ወይም ቅዳሜ ማታ ሙዚቃ ስላለ ዓርብ ብትመጡ ይሻላል ካለኝ፣ ቦታውን እይዛለሁ። «ሁሉም ክፍሎቻችን ጸጥ ያሉ ናቸው» የሚል መልስ ካገኘሁ አመስግኜ ወደሚቀጥለው ሆቴል እደውላለሁ።