ክረምት ያልኩት ሌላ፣ ክረምት ያሉት ሌላ

የምሠራው ሐዋሳ ከተማ፣ ብስክሌት በሚያከራይና ከከተማ ውጭ የብስክሌት ጉዞ በሚያዘጋጅ አነስተኛ ድርጅት ውስጥ ነው። የሥራ ድርሻዬ ከደንበኞች ጋር መጻጻፍ፣ የዕቃ ዝርዝር ማዘጋጀትና በጉዞ ላይ ውሃና ስንቅ እንዳይጓደል መከታተል ነው። ሐዋሳ 1,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያለች ከተማ በመሆኗ በውሃ በኩል የማውቀው ጭንቀት አንድ ብቻ ነበር፤ እርሱም መሞቁ ነው። እኩለ ቀን ላይ በታቦር ተራራ ግርጌ ሲነዳ የዋለ ሰው ለብ ያለ ውሃ ስለሚያስጠላው፣ ኮዳውን እርጥብ ካልሲ አልብሰን ነፋሱ እንዲያቀዘቅዘው እናደርጋለን። ውሃ በረዶ እንዳይሆን መጠንቀቅ የሚባል ነገር በዝርዝሬ ውስጥ አልነበረም።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ከሰሜን አውሮፓ የመጡ አምስት ደንበኞች በጥር ወር ከጎባ ተነስተው በባሌ ተራሮች ላይ ያለውን የሳነቴን አምባ በብስክሌት ለማቋረጥ ፈለጉ። ከመካከላቸው አንዲት ጠና ያሉ ሴት ከመምጣታቸው በፊት በእንግሊዝኛ ጽፈው «የክረምት ዝግጅት ያስፈልገናል ወይ?» ብለው ጠየቁኝ። እኔም «ዊንተር» የሚለውን ቃል ትምህርት ቤት እንደተማርኩት «ክረምት» ብዬ ተረድቼ፣ ጥር በጋ እንደሆነ፣ ጠብታ ዝናብ እንደማይጠበቅና ምንም ዓይነት የክረምት ዕቃ መሸከም እንደሌለባቸው በልበ ሙሉነት መለስኩላቸው። ሴትዮዋ አመስግነው ፔርሙዛቸውንና ለብርድ የተሠራውን የውሃ ቱቦ ሽፋናቸውን እቤታቸው ትተው መጡ።

ለእነርሱ ያ ቃል ውሃ የሚረጋበት ወቅት ማለት ነው፤ ለእኛ ክረምት ሰኔ ገብቶ መስከረም እስኪጠባ የሚዘንበው ዝናብ ነው። የባሌ ከፍተኛ ቦታዎች ደግሞ ውርጭ የሚጠናባቸው በክረምታችን ሳይሆን በበጋው ነው። በዝናቡ ወራት ደመናው እንደ ጋቢ ሸፍኖ የምድሩን ሙቀት ያቆየዋል፤ ከኅዳር እስከ የካቲት ግን ሰማዩ ጥርት ስለሚል ቀን የገባው ሙቀት ሌሊቱን ተንኖ ያልቃል። ሳነቴ ከ4,000 ሜትር በላይ ሲሆን፣ ሌሊት ከዜሮ በታች 15 ዲግሪ ድረስ ሊወርድ የሚችልበት ቦታ ነው። ይህን ሁሉ የተረዳሁት መልሱን ከላክሁ በኋላ ነው።

በሻሸመኔ፣ በዶዶላና በዲንሾ አድርገን ጎባ አደርን፤ በማግስቱ አምባው ላይ ድንኳን ተከልን። ማታ፣ ጠዋት ጊዜ እንዳይባክን በማለት የሁሉንም ኮዳ እስከ አፉ ሞልቼ በየብስክሌቱ የኮዳ መያዣ ላይ ሰካሁ፤ የተረፈውን ጀሪካን ፒክአፑ ላይ ተውኩት። የጎባ ተወላጅ የሆኑት ሾፌራችን አንድ የብረት ድስት ግማሽ ድረስ ውሃ ሲሞሉ አይቼ «ጋሼ፣ ይህ ለምንድን ነው?» ብላቸው፣ «ለጠዋት ሻይ» አሉኝ። ከዚያ በላይ አልጠየቅኩም።

ንጋት 12 ሰዓት ላይ ኮዳዎቹን ስነካ ድንጋይ ሆነዋል። ውሃ በረዶ ሲሆን መጠኑ በ9 በመቶ ገደማ ስለሚጨምር፣ እስከ አፋቸው ከሞላኋቸው ሁለቱ ተሰንጥቀው ነበር። የጀሪካኑም አፍ በበረዶ ተደፍኗል። የሾፌሩ ድስት ውስጥ ያለውም ረግቶ ነበር፤ ነገር ግን ድስት እሳት ላይ ይጣዳል፣ የፕላስቲክ ኮዳ ግን አይጣድም። ድስቱን ቡታጋዝ ላይ ጥደው አቀለጡት። «ለምን አልነገሩኝም?» ብዬ ስጠይቃቸው «ኃላፊው አንተ ነህ፤ አውቀህ ያደረግከው መስሎኝ ነው እኮ ልጄ» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም።

ብስክሌተኞቹ በጀርባ የሚታዘል፣ ቱቦ ያለው የውሃ ከረጢትም ነበራቸው። ከረጢቶቹ ሌሊቱን ድንኳን ውስጥ አብረዋቸው ስላደሩ ውሃው አልረጋም ነበርና ችግሩ የተፈታ መሰለኝ። መኪናው ድንኳኑን ጭኖ እስኪከተለን ድረስ ጉዞ ጀመርን፤ ግማሽ ሰዓት እንኳ ሳይሞላ ግን ከአምስቱም ቱቦ ጠብታ አልወጣ አለ። ከረጢቱ ከጀርባቸው ሙቀት ያገኛል፤ የጣት ያህል እንኳ ውፍረት የሌለው ቱቦ ግን ነፋስ ላይ ተንጠልጥሎ የሚሄድ ነው። ነፋስ ውሃን ከአየሩ በታች አያቀዘቅዘውም፤ ወደዚያ የሚደርስበትን ጊዜ ግን እጅግ ያሳጥረዋል። በዚያ ከፍታ ደረቁ አየር በየትንፋሹ ከሰውነት ውሃ ይወስዳል፣ ብርዱ ደግሞ ጥማትን ይደብቃል። አንደኛው ደንበኛ ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ ጀመረው። ከፍታው ይሁን የውሃ ማነስ መለየት ስላልቻልን አቆምን፤ ከረጢቶቹን ከፍተን በቀጥታ ከአፋቸው አጠጣን፤ መኪናው ሲደርስም ታማሚውን ጭኖ ቁልቁል ወደ ሪራ ወረደ። ዝቅ ሲል ተሻለው።

ጸሐይ እስኪሞቅ ስንጠብቅ ሴትዮዋ ያለ ቁጣ «የጠየቅኩህ እኮ ይህንን ነበር» አሉኝ፤ አንዳንድ ነገርም አሳዩኝ። ከጠጡ በኋላ ወደ ቱቦው እፍ ብለው ውሃውን ወደ ከረጢቱ ይመልሱታል፤ ባዶ ቱቦ ምን ይረጋል? ኮዳን ደግሞ ክዳኑን አጥብቀው ዘቅዝቀው ያስቀምጡታል፤ በረዶ ከላይ ጀምሮ ስለሚረጋና ስለሚንሳፈፍ አፉ ሳይደፈን ይቆያል። ስኳር ይጨመርበት ያልኩት እኔ ነበርኩ። ሁለት ማንኪያ ስኳር የመርጊያውን ነጥብ አንድ ዲግሪ እንኳ አያወርደውም ብለው ሳቁ። በዙሪያችን የቆሙት ጅባራዎች ለሌሊቱ ውርጭ የሰበሰቡትን ቅጠል ገና እየዘረጉ ነበር፤ እነርሱ ከእኔ በፊት ተዘጋጅተው ማደራቸው ትንሽ አሳፈረኝ።

ሐዋሳ ስመለስ ከደንበኛ መጠይቃችን ላይ «ወቅት» የሚለውን አጥፍቼ «የሌሊቱ ዝቅተኛ ዲግሪ ስንት ነው?» የሚል አስገባሁ፤ ከሾፌር ጋር በየማታው አምስት ደቂቃ መነጋገርንም ግዴታ አደረግኩ። የሰማሁትን በዓይኔ ሳላይ ለደንበኛ መንገር ስላልፈለግኩ፣ አሞራ ገደል አጠገብ ዓሣ የሚሸጡ እናት ፍሪዘራቸውን እንዲያውሱኝ ለመንኩ። አንድ ኮዳ ቆሞ፣ አንዱ ተዘቅዝቆ፣ አንዱ ደረቅ የሱፍ ካልሲ ለብሶ፣ አንዱ በሐዋሳ ልማዳችን እርጥብ ካልሲ ለብሶ፣ ከውሃ ከረጢትና ከቱቦው ጋር ቆሮሶ በሚባለው ዓሣ መካከል ገቡ። እናትየዋ በየግማሽ ሰዓቱ ክዳኑን ስከፍት እያዩ «ልጄ፣ ውሃ ጠምቶህ ነው ወይስ ደህና አይደለህም?» ይሉኝ ነበር። ቱቦው ከሁሉ ቀድሞ ረጋ። ቆሞ የነበረው ኮዳ አፉ ሲዘጋ የተዘቀዘቀው ግን ገልብጬ ስከፍተው ቀዳ። የሱፍ ካልሲው አዘገየ እንጂ አላዳነም፤ እርጥቡ ካልሲ ደግሞ ከፍሪዘሩ ግድግዳ ጋር ተጣብቆ በስንት መከራ ተላቀቀ። ሌሎቹን አጥቤ ወደ ዕቃ ቤት መለስኩ፤ ቱቦው ግን የቆሮሶ ሽታው ከሦስት እጥበት በኋላም አልለቅ ስላለ ለደንበኛ የማይሰጥ ሆኖ እስከ ዛሬ የምጠጣበት እኔ ነኝ።