«መብራቱ ሄደ!»

ባለቤቴ ከሌሊቱ አምስት ሰዓት ላይ «መብራቱ ሄደ!» ብላ ስትቀሰቅሰኝ፣ የአገር ቤት ልማድ አይለቅምና «ይመጣል፣ ተኚ» ብያት ወደ ግድግዳው ዞርኩ። እሷ የምትለው ግን ማዶ ውሃው ዳር ያለውን ቤት መብራት ነው። ማምሻውን በቀኝ መስኮት ይታይ የነበረው በግራ ሆኗል። ለካ የምንሄደው እኛ ነን።

ያደርነው ከአናፖሊስ በስተደቡብ፣ ቼሳፒክ ባሕረ ሰላጤ የሚገባው ሮድ ወንዝ ላይ ነው፤ ዋሽንግተን አካባቢ ለምንኖር ቅርብ ነው። ጀልባችን ባለ 30 ጫማ አሮጌ የሸራ ጀልባ ናት። እሷን ከመግዛቴ በፊት የማውቀው ጀልባ ጣና ላይ ገዳም ልሳለም የተሳፈርኩበትን ብቻ ነበር።

ጥፋቴ የሒሳብ ነው። መልሕቅ ጥለህ ለማደር የጥልቀቱን ሰባት እጥፍ ገመድ ልቀቅ ይባላል። የጥልቀት መለኪያው 1.5 ሜትር አለኝ፤ በሰባት አባዝቼ 10.5 ሜትር ለቀቅኩና እራታችንን በላን። መለኪያው ግን የቀድሞው ባለቤት እንደተወው የሚያሳየው ከኪሉ (ከጀልባዋ ሆድ ወደ ውሃው ከሚወርደው ክንፍ) በታች ያለውን ውሃ ብቻ ኖሯል። ኪሉ 1.4 ሜትር ይወርዳል። ገመዱ የሚወጣበት የጀልባዋ አፍንጫ ደግሞ ከውሃው 1.2 ሜትር ከፍ ይላል። ሲደመር 4.1፤ ሰባት እጥፉ 29 ሜትር ገደማ! የእኔ ከሲሶው ብዙም አያልፍም። መልሕቅ እንደ ማረሻ ነው፤ አግድም ሲጎተት ጭቃው ውስጥ ይሰምጣል፣ ሽቅብ ሲጎተት እንደ ሽንኩርት ይነቀላል።

የሐምሌ ነጎድጓድ ነበር፤ ዝናቡ ፊት ይገርፋል። ሞተር አስነስተን ገመድ ስጨምር፣ ጭራው ከማስቀመጫው ብቅ አለ። ከምንም ጋር አልታሰረም! ደግነቱ የገመድ ማሰሪያው ብረት ላይ አንድ ዙር አዙሬው ስለነበር ያዝኩት።

ከዚያ ወዲህ ሁሉንም ለወጥኩት። አሁን 9 ሜትር ባለ 8 ሚሊ ሰንሰለት አለ፣ ቀጥሎ 45 ሜትር ባለ 14 ሚሊ የናይለን ገመድ። ሰንሰለቱ ከውሃው ሥር ተጋድሞ ጉተታውን ዝቅ ያደርጋል፤ ናይለኑ ስለሚለጠጥ የነፋሱን ምት ያበርዳል። ለሸራ መሳቢያ የሚሆነው የፖሊስተር ገመድ እንዲህ አይለጠጥም። ሰንሰለቱን ከመልሕቁ ጋር የሚያያይዘው የሻክሉ ብሎን እየተንቀጠቀጠ ስለሚፈታ በማይዝግ ሽቦ አሰርኩት። ስንት እንደለቀቅኩ እንዳውቅ በየ5 ሜትሩ ባለቀለም ክር ሰፋሁ። ጭራውም ታስሯል፣ ግን በቀጭን ሲባጎ፤ ክፉ ቀን ከመጣ በቢላዋ በጥሼ ለመሸሽ።

አጣጣሉንም ተማርኩ፤ መልሕቅ አይወረወርም። በቀስታ ይወርዳል፣ ጀልባዋ ወደ ኋላ ስትንሸራተት ገመዱ ይለቀቃል፣ ከዚያ ታስሮ ሞተሩ በኋላ ማርሽ ቀስ እያለ ይጨመራል። ያኔ መዳፌን ገመዱ ላይ አደርጋለሁ። መልሕቁ እየተንሸራተተ ከሆነ ኮረኮንች ላይ እንደሚሄድ ጋሪ ይንገጫገጫል፤ ከያዘ ግን እንደ ክራር ጅማት ተወጥሮ ጸጥ ይላል። መሪውን የምትይዘው ባለቤቴ ናት። በእጅ ምልክት እንግባባለን፤ በሞተር ጩኸት ላይ መጯጯህ አንድ ቅዳሜያችንን አበላሽቶብናል።

ያልተፈታው ጭቃው ነው። ጥቁርና የሚሸት የቼሳፒክ ጭቃ ከሰንሰለቱ ጋር እየወጣ ነጩን ወለል ይለቀልቀዋል። ባልዲና ብሩሽ ይዤ ተንበርክኬ ስፈገፍግ፣ ባለቤቴ ቡናዋን ይዛ «እዚያ ጋ ቀርቶሃል» ትለኛለች።