ማታ ከጣራችን በላይ የሚያልፉት

ሰሞኑን ሲመሽ የቤቱን መብራት በሙሉ አጠፋፋና በረንዳ ላይ ወንበር አውጥቼ ቁጭ እላለሁ፣ ወፍ ልሰማ። ወቅቱ ከሰሜን ወደ ደቡብ የሚሰደዱበት ነው፣ እና ትናንሾቹ ወፎች አብዛኞቹ የሚጓዙት ሌሊት ነው እኮ፣ አየሩ ቀዝቀዝና ረጋ ይላል፣ ጭልፊትም ብዙ አያሳድዳቸውም፣ ቀን ቀን ደሞ ወርደው እየበሉ ስብ ያጠራቅማሉ። ይሄን ሳላውቅ ስንት ዓመት ሙሉ ጠዋት ጠዋት ብቻ ሳንጋጥጥ መኖሬ በጣም ይቆጨኛል።

መጀመሪያ ምንም የለም። ጆሮ ጸጥታውን ሲለምድ ግን ከጨለማው ውስጥ አንዷ "ፂፕ" ትላለች፣ ቀጭን፣ አጭር፣ ዝማሬ ምናምን አይደለም፣ በቃ እዚህ ነኝ እንደማለት፣ ትንሽ ቆይቶ ከወዲያ ሌላዋ ፂፕ። ጨረቃ ሙሉ ስትሆን ደሞ ባይኖኩላር ጨረቃዋ ላይ አነጣጥሬ ክንዴ እስኪዝል እጠብቃለሁ። ባለፈው አንዲት ጥቁር ነገር ከዳር እስከ ዳር እልም ብላ ስታልፍ ክንፏን ስታጥፍ ሁሉ አየኋት፣ ሰከንድ እንኳን አልሞላም፣ ብቻዬን ጮህኩ!

ከነዚህ ውስጥ ስንቶቹ ገና ዘንድሮ የተፈለፈሉ ናቸው። መንገዱን ማንም ሳያሳያቸው በኮከብና በምድር መግነጢስ አቅጣጫ ይዘው ይሄዳሉ። በ2022 እ.ኤ.አ. መከታተያ የተገጠመላት የአምስት ወር ወፍ ከአላስካ ተነስታ ታዝማኒያ እስክትደርስ 11 ቀን 13,560 ኪሎ ሜትር አንዴም ሳታርፍ በራለች፣ የአምስት ወር!

ቀን ማየት የሚፈልግ ፀሐይ ሞቅ ስትል በመስኮት ይይ፣ ሽመላና ንስር የሚሞቀውን አየር ተሳፍረው እየዞሩ ነው ከፍ የሚሉት፣ ክንፋቸውን ሳያንቀሳቅሱ ማለት ይቻላል።

መብራት የማጠፋው ለኔ ብቻ ብዬ አይደለም። የቤት ብርሃን መንገድ ያስታቸዋል፣ መስታወት ጋር ይጋጫሉ። አምና አንድ ጠዋት መስኮቴ ስር አንዷን አገኘኋት፣ መዳፌ ላይ ሳደርጋት ክብደት የላትም፣ ደረቷ ላይ ግን ላባውን በትንፋሼ ገለጥ ሳደርገው ለመንገድ ያጠራቀመችው ቢጫ ስብ ሳይነካ ይታያል። ከዛን ቀን ጀምሮ ነው ማታ የማጠፋው። ጎረቤቶቼንም ጠየቅኳቸው፣ ከላይ ፎቅ ያሉት እሺ ብለው አጥፍተዋል፣ የደረጃው መብራት ነው የቀረው።