በሴናተር ቦራ አገር

ወደ ኢዳሆ ዋና ከተማ ወደ ቦይዚ ለምን እንደምሄድ ለጠየቀኝ ሁሉ «የሞተ ሴናተር ልጎበኝ» እያልኩ ስመልስ ሰነበትኩ። ሰውዬው ዊልያም ቦራ ነው፤ ከ1907 አንስቶ በ1940 እስኪሞት (ዘመኑ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው) ኢዳሆን ወክሎ በአሜሪካ ሴኔት የተቀመጠ፣ አገሩ በአውሮፓ ጣጣ እንዳትገባ ሽንጡን ገትሮ የተሟገተ።

በቦይዚ ከምክር ቤቱ ፊት ለፊት የቆመው ሐውልት የእርሱ አይደለም። በ1905 በአጥሩ በር ላይ በተጠመደ ቦምብ የተገደለው የቀድሞው አገረ ገዥ ስቱነንበርግ ነው። ቦራን በመላው አገሪቱ ያስጠራው ግን ይኸው ግድያ ነው። በ1907 የማዕድን ሠራተኞች መሪ የነበረውን ቢል ሄይውድን ከከሰሱት ጠበቆች አንዱ እርሱ ነበር። በወዲያኛው ወገን ዝነኛው ጠበቃ ክላረንስ ዳሮው ቆሞ ነበርና ቦራ ተረታ፤ ስሙ ግን ገነነ። መቃብሩን በሞሪስ ሂል አይቼ መኪናዬን ወደ ምሥራቅ አዞርኩ።

መንገዱ መተሐራ ላይ ግራና ቀኝ የሚታየውን የመሰለ የተቃጠለ ጥቁር ድንጋይ ያቋርጣል። ከማካይ ከተማ አልፎ የኢዳሆ ረጅሙ ጫፍ ብቅ ይላል፤ 3,859 ሜትር። በ1934፣ ሴናተሩ በሕይወት ሳለ፣ በስሙ ተጠራ። ከሥሩ በ1983 የመሬት መንቀጥቀጥ የተቆረጠው አፈር እስከ ዛሬ ገርጥቶ ይታያል።

ቦራ የሴኔቱን የውጭ ጉዳይ ኮሚቴ ለዓመታት መርቷል፤ አትላንቲክን ግን አንድ ጊዜ እንኳ ተሻግሮ አያውቅም። በኅዳር 1919 አሜሪካ የመንግሥታት ማኅበርን እንዳትቀላቀል ባደረገው ንግግር የሴኔቱን የሪፐብሊካኖች መሪ ሎጅን እንዳስለቀሰ ይነገራል። እኛ በ1923 ማኅበሩ ውስጥ ስንገባ አሜሪካ በውጭ ነበረች። ብትኖር ታድነን ነበር? እንግሊዝና ፈረንሳይ አባል ሆነው ምን ፈየዱልን! እኔን የሚከነክነኝ በነሐሴ 1935 ኮንግረስ ያወጣው የገለልተኝነት ሕግ ነው። ጣሊያን ስትወረን ሩዝቬልት በዚያው ሕግ ለሁለቱም ወገን መሣሪያ እንዳይሸጥ አገደ። ጣሊያን ግን የራሷ ፋብሪካ ነበራት። ነዳጅ ደግሞ ከእገዳው ውጭ ነበር።

በ1939 ክረምት ሩዝቬልት ሴናተሮችን ሰብስቦ ጦርነት እየመጣ ነው ሲላቸው፣ ቦራ የራሱ ምንጮች ከመንግሥት የተሻሉ መሆናቸውን ተናግሮ አይመጣም አለ። በመስከረም ፖላንድ ተወረረች።

ይህን ሁሉ ከተራራው ሥር ጫማቸውን ለሚያስሩ አንድ አዛውንት ነገርኳቸው። «ልክ ነበር» አሉኝ ቀና ሳይሉ። «ሃያ ዓመት አፍጋኒስታን ምን አገኘን?» እኔ ስለ ማይጨው ጀመርኩ፤ እርሳቸው ስለ ካቡል ቀጠሉ። ብዙ ተከራከርን። በመጨረሻ ሽቅቡ ሳይመሽብኝ ብለው ዱላቸውን አነሡ፤ እኔም ቤንዚን ፍለጋ ወደ ቻሊስ ነዳሁ።