ኢሜይሉ ለዳታቤዙ ምን ይመልስለታል?

የድርጅት ኢሜይል ሲመረጥ መጀመሪያ የሚጠየቀው የሳጥኑ መጠንና የአንድ ሰው ወርሃዊ ክፍያ ነው። የሽያጭ፣ የደመወዝ ወይም የደንበኞች ሲስተም ያለው ድርጅት ግን ከዚያ በፊት ሁለት ነገር ማወቅ አለበት። ፕሮግራሙ መልእክቱን የሚያስረክበው በምን መንገድ ነው? መልእክቱ ሳይደርስ ቢቀርስ ዳታቤዙ በምን ያውቃል?

መላኪያው ኤስኤምቲፒ (የተለመደው የኢሜይል መላኪያ ደንብ) ወይም ኤፒአይ (ፕሮግራም ከፕሮግራም ጋር በቀጥታ የሚገናኝበት በር) ነው። ኤስኤምቲፒን የቆየ ሶፍትዌርም ይችለዋል፤ ፖርት 587 ወይም 465 ላይ ይሠራል። ችግሩ መግቢያው ላይ ነው። ትልልቆቹ አቅራቢዎች ተራውን ፓስወርድ እየዘጉ ወደ ኦአውዝ (በፓስወርድ ፈንታ ጊዜያዊ የፈቃድ ቁልፍ የሚሰጥ አሠራር) ዞረዋል፤ የማይክሮሶፍቱ ኤክስቼንጅ ኦንላይን መልእክት ለማንበብ በሚያገለግሉት በአይማፕና በፖፕ ላይ ተራውን ፓስወርድ መዝጋት የጀመረው እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 2022 ነው። ኦአውዝ የማያውቅ አሮጌ አፕሊኬሽን ካለዎት፣ ማን እንደሚያሻሽለው ሳይታወቅ ውል አይፈርሙ።

ከዚያ ገደቡን ያስሉ። ለ3,000 ሠራተኛ የደመወዝ ወረቀት የሚልክ ሲስተም እንውሰድ። ኤክስቼንጅ ኦንላይን ከአንድ ሳጥን በደቂቃ 30 መልእክት ስለሚፈቅድ ሥራው 100 ደቂቃ ይፈጃል። በጎግል ወርክስፔስ የአንድ አካውንት የቀን ጣሪያ 2,000 ስለሆነ 1,000ው ያድራል። በእኔ እምነት ሲስተም የሚልከውን በብዛት ለመላክ በተሠራ አገልግሎትና በራሱ ንዑስ ዶሜይን (ከድርጅቱ የኢንተርኔት ስም ሥር በተከፈተ የተለየ ስም) መለየት ይሻላል፤ እንደ ስፓም ቢቆጠር እንኳ የሠራተኞቹ ደብዳቤ ያን ያህል አይጎዳም። ላኪው እውነተኛ መሆኑን ለማረጋገጥ የሚያገለግሉት የዶሜይን መዝገቦች፣ ኤስፒኤፍ፣ ዲኪምና ዲማርክም፣ ይስተካከሉለት። ኤስፒኤፍ ከ10 በላይ የዲኤንኤስ (የኢንተርኔት ስሞች ማውጫ) ፍለጋ ካስፈለገው ይከሽፋል፤ አዲስ አገልግሎት ሲጨመር ይህ ይረሳል።

አብዛኛው ብልሽት ግን የሚመጣው ከአላላኩ ነው። ትዕዛዝ በሚመዘገብበት ትራንዛክሽን (ዳታቤዙ በሙሉ የሚያጸድቀው ወይም በሙሉ የሚሰርዘው የምዝገባ ሥራ) ውስጥ ኢሜይል አይላክ። የኢሜይሉ ሰርቨር 30 ሰከንድ ቢዘገይ በዳታቤዙ ያሉት የትዕዛዙ ረድፎችም 30 ሰከንድ እንደተቆለፉ ይቆያሉ። መልእክቱ ከወጣ በኋላ ትራንዛክሽኑ ቢሰረዝ ደግሞ ደንበኛው እጅ ላይ የሌለ ትዕዛዝ ማረጋገጫ ይቀራል።

መፍትሔው አንድ ቴብል ነው፦ የተቀባይ አድራሻ፣ የትዕዛዝ ቁጥር፣ ሁኔታ፣ የሙከራ ብዛት፣ የሚቀጥለው ሙከራ ሰዓት፣ የመልእክት መለያ (እያንዳንዱ ኢሜይል የሚይዘው የራሱ መታወቂያ)። ከትዕዛዙ ጋር በአንድ ኮሚት (የትራንዛክሽን ማጽደቂያ) ይጻፋል፤ ሌላ ፕሮግራም እያነበበ ይልካል። ኤስኪውኤል ሰርቨር በተባለው ዳታቤዝ ውስጥ ያለው ኢሜይል መላኪያ፣ ዳታቤዝ ሜይልም፣ መልእክቱን ወረፋ ላይ አስቀምጦ ነው በሌላ ፕሮሰስ የሚልከው። የኢሜይሉ ሰርቨር የመለሰው ኮድ በ4 ከጀመረ ችግሩ ጊዜያዊ ነው፤ ከ5 ደቂቃ፣ ከ15 ደቂቃ፣ ከ1 ሰዓት በኋላ ይሞከር። በ5 ከጀመረ ሙከራው ይቁምና ምክንያቱ ይነበብ፤ አድራሻው የሌለ ከሆነ የደንበኛው መዝገብ ላይ ምልክት ይደረግ።

መለያውን ማስቀመጥ ለመልስም ይጠቅማል። ደንበኛው ሲመልስ «ኢን ሪፕላይ ቱ» የሚባለው ራስጌ ያንኑ መለያ ይዞ ይመጣል። ርዕሱ ላይ የተጻፈ የትዕዛዝ ቁጥር አያስተማምንም፤ ሰው ያጠፋዋል። መለያውን በራሳቸው የሚተኩ አገልግሎቶች ስላሉ፣ የተኩትን መልሰው ይሰጡ እንደሆነ ይጠይቁ። የጂሜይል ኤፒአይ የአዲስ መልእክት ማሳወቂያም በ7 ቀን ውስጥ ካልታደሰ ጸጥ ብሎ ይቋረጣል፤ በየቀኑ የሚያድሰው ሥራ ይኑር።

ከመክፈልዎ በፊት በሙከራ አካውንት ወደሌለ አድራሻ አንድ መልእክት ይላኩ። አለመድረሱ በዌብሁክ (አገልግሎቱ ራሱ ወደ ሲስተምዎ በሚልከው ማሳወቂያ) ወይም በተመላሽ መልእክት መጥቶ በቴብሉ ያለውን የመልእክቱን ረድፍ ካልለወጠ፣ ሌላ አቅራቢ ይፈልጉ።