ስድስት ሳምንት ከጾሙ በኋላ

የዐቢይ ጾም ሰባተኛው እሑድ ኒቆዲሞስ ይባላል። ሰኞ የተያዘው ጾም ያን ዕለት 42ኛ ቀኑ ነው። ጿሚው ለምዶታል፤ ሥጋና ቅቤው አያምረውም፣ ቅዳሴውም አይረዝምበትም። በጾሙ መመካት የሚጀምረውም ያኔ ነው። ቤተ ክርስቲያን ግን ለዚያ ቀን ያዘጋጀችለት የዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 3ን ነው፤ የእስራኤል መምህር የነበረ፣ ሕጉን ጠንቅቆ የሚያውቅ ፈሪሳዊ ኒቆዲሞስ ዳግመኛ መወለድ እንዳለበት የተነገረበትን። ከ55ቱ ቀናት ለዚህ ንባብ ከዚህ የተሻለ ቦታ ያለው አይመስለኝም።

ከዚህ ተነሥቶ «ዋናው ልብ ነው፤ መጾሙ ምን ያደርጋል?» የሚል አለ። አልስማማም። የቤተ ክርስቲያን የሕግ መጽሐፍ የሆነው ፍትሐ ነገሥት በአንቀጽ 15 ጾምን ከምግብ መከልከል ብሎ ይጀምርና ዓላማውን ያስከትላል፦ የሥጋን ፈቃድ አድክሞ ለነባቢት (ለምታስተውል) ነፍስ ማስገዛት። ጥያቄው እንግዲህ መከልከላችን ወደዚያ እያደረሰን ነው ወይ ነው፤ እሱን ደግሞ ማየት ይቻላል።

መጀመሪያ ኪሳችንን እንይ። ጾሙ ሳይገባ ቤቱ በወር ለሥጋ፣ ለቅቤ፣ ለእንቁላልና ለወተት የሚያወጣውን ጻፉት፤ የጾሙን ወር አስቤዛም እንዲሁ። የተረፈው የተራበ ሰው ድርሻ ነው፤ ኢሳይያስ 58 ጾምን ከእንጀራ መቁረስ ለይቶ አያውቅም። በብዙ ቤት ግን ትርፉ ለፋሲካ በግና ዶሮ ይጠራቀማል፤ ያ ምግቡን ቀን ማዛወር ብቻ ነው። ስለዚህ ገንዘቡ በየሳምንቱ ዐርብ ይውጣ፤ እስከ በዓሉ ከቆየ ሌላ ሥራ አያጣም።

ቀጥሎ ቁጣ። እስከ 9 ሰዓት የሚጾም ሰው ትዕግሥቱ የሚያልቀው ብዙ ጊዜ ከ7 ሰዓት በኋላ ነው። ልጆቹ ወይም የቤት ሠራተኛዋ ጾም መግባቱን ከጩኸቱ የሚያውቁ ከሆነ፣ ያው ኢሳይያስ 58 ለጥልና ለክርክር ትጾማላችሁ ያለው እሱን ነው። በዚያ ሰዓት ተግሣጽም ሆነ የገንዘብ ጭቅጭቅ አይነሣ፤ ማታ ይደርሳል። እንዲህም ተደርጎ ካልበረደ ለንስሐ አባት ነግሮ ሰዓቱን ወደ 6 ማውረድ ይሻላል። በ6 ሰዓት በልቶ አፉን የጠበቀ፣ እስከ 9 ቆይቶ ሰው ከሰደበ ይበልጣል።

ጸሎትም ላይ ይኸው ነው። መዝሙረ ዳዊት ንጉሥ የሚባሉ 15 ክፍሎች አሉት፣ እያንዳንዱ 10 መዝሙር። በሳምንቱ ቀናት ተከፍሎ ሲደገም የሰኞው ድርሻ ሦስት ንጉሥ ነው፤ ለሥራ የሚጣደፍ ሰው ሲያነበንበው ምን እንዳለ ሳይሰማ ይጨርሰዋል። ጊዜ የሌለው አንዱን ንጉሥ በቀስታ ይድገም፤ የነካው ቁጥር ላይ ይቁም፣ ይስገድ። (ቅዳሜና እሑድ ስግደት የለም።)

ከሁሉ የሚበላሸው ንስሐው ነው። ብዙዎቻችን ለመቁረብ ስንል የመጨረሻው ሳምንት ላይ እንሰለፋለን፤ ካህኑም ይጨናነቃል፣ እኛም በጥቅሉ «በድያለሁ» ብለን እንወጣለን። በመጀመሪያው ሳምንት መሄድ ያዋጣል። ከሁሉ የሚያሸንፈንን አንዱን በስሙ ጠርተን እንናገር፦ ሐሜት፣ ዝሙት፣ የሰው ገንዘብ። የተጣላነው ሰው ካለም ስሙን እንንገር፤ ማቴዎስ 5 መባህን ትተህ ሂድና ታረቅ ይላልና ለእርቁ ጊዜ ያስፈልጋል። ካህኑ የሚሰጠን ቀኖና ከዚያ አንድ ነገር ጋር ይያያዝ፤ በሦስተኛውና በአምስተኛው ሳምንት ተመልሰን ስለዚያው ብቻ እንነጋገር።