ከልጆች መጽሐፍ ወደ ስክሪፕት፦ ሁለት ጠንቋዮችን አንድ ማድረግ ምን ያስከፍላል?

«የኦዝ ጠንቋይ»ን ከነመጽሐፉና ከነፊልሙ ምዕራፍ በምዕራፍ የማስተያየቱ ሥራ አልቋል። ስክሪፕት ለምንማማር ሰዎች የሚጠቅመውን ላካፍል። መጽሐፉ የፍራንክ ባውም ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1900 የታተመ፤ ፊልሙ የአሜሪካው ፊልም ኩባንያ የኤምጂኤም ነው፣ የ1939።

የመጀመሪያው ዙር ቀላል ነው፦ ለ24ቱ ምዕራፎች 24 ካርድ። ካርዱ ላይ የሚሰፍረው የሚታይና የሚሰማ ነገር ብቻ ነው፤ «አዘነች» ብሎ መጻፍ ክልክል። ባውም የዋና ገጸ ባሕርይዋን የዶሮቲን አገር ካንሳስን ሲገልጽ ሜዳውን፣ ቤቱን፣ የአክስቷን ዓይን ሳይቀር ግራጫ ይለዋል። ፊልሙ ቃሉን ትቶ ካንሳስን በደብዛዛ ቡናማ ቀረጸና ቀለሙን አውሎ ነፋስ ለሚወስዳት የአስማት አገር ለኦዝ አቆየው። በመጽሐፉ ዶሮቲ የምትጫማው የብር ጫማ በፊልሙ ቀይ የሆነውም ቴክኒከለር በተባለው የቀለም ፊልም ላይ እንዲያምር ነው። እንዲህ ያለውን ተራኪ እያስወሩ ማለፍ፣ በእኔ እምነት፣ ስንፍና ነው።

መከራው ያለው መቀነስ ላይ ነው። አንድ የስክሪፕት ገጽ አንድ ደቂቃ ገደማ ይሆናል፤ ፊልሙ ደግሞ ከ100 ደቂቃ ብዙም አያልፍም። ስለዚህ የሜዳ አይጦቹም፣ የዶሮቲ የጉዞ ጓደኛ የቆርቆሮው ሰው በመጥረቢያ የሚጨርሳቸው 40 ተኩላዎችም ወጥተዋል። እነሱ በመውጣታቸው የተናጋ ነገር የለም። ሁለት ሰው አንድ ሲደረግ ግን ታሪኩ ይናጋል።

በመጽሐፉ ደጎቹ ጠንቋዮች ሁለት ናቸው። ዶሮቲን መጀመሪያ የምትቀበላት የሰሜኗ አቅሟ ውስን ነው፤ ጫማው ሰውን ወደ ቤቱ የመመለስ ኃይል እንዳለው አታውቅም። የምታውቀው የደቡቧ ግሊንዳ ናት፣ የምትናገረውም በ23ኛው ምዕራፍ። ወደ ቤቷ ሊወስዳት የነበረው ባሉን ዶሮቲን ጥሏት ከሄደ በኋላ ከ18ኛው እስከ 22ኛው ያሉት ምዕራፎች ግሊንዳን ፍለጋ የሚደረግ ጉዞ ናቸው። ፊልሙ ሁለቱን ሴቶች አዋሐደና ያን ሁሉ ጉዞ አስቀረ። ታዲያ ችግሩ ምንድን ነው? አሁን ጫማውን ዶሮቲ እግር ላይ ያደረገችው ሴት የመመለሻውን ዘዴ እያወቀች ልጅቷን ወደ አደጋ ልካታለች። ጸሐፊዎቹም ገብቷቸዋል፤ ሌላው የዶሮቲ የጉዞ ጓደኛ ማስፈራርቾው «ለምን ቀድመሽ አልነገርሻትም?» ዓይነት ጥያቄ ይጠይቃል፣ ግሊንዳም ብነግራት አታምነኝም ነበር ትላለች። ይህ የቀዳዳ መጣፊያ ነው። ያውም ከላይ የሚታይ መጣፊያ።

ይህን አስቀድሞ የሚያሳየው መሣሪያ «ማን ምን ያውቃል» ሰንጠረዥ ነው፤ ከካርዶቹ ሁሉ እሱን አስበልጣለሁ። ወደ ታች ምዕራፎች፣ ወደ ጎን ገጸ ባሕርያት፤ ለአንድ ምሥጢር አንድ ሰንጠረዥ። እዚህ ምሥጢሩ የጫማው ኃይል ነው። ባወቀው ሰው ሥር፣ ካወቀበት ምዕራፍ ጀምሮ ምልክት ይደረጋል። የሁለት ሰዎች ዓምድ ተመሳሳይ ከሆነ ያለ ሥጋት ይዋሐዳሉ። አንዱ ባዶ፣ ሌላው ሙሉ ከሆነ ግን ከመዋሐዳቸው በፊት ዕውቀቱን የሚያዘገይ ምክንያት መትከል ግድ ነው። ለምሳሌ፦ የምዕራቧ ክፉ ጠንቋይ በሕይወት እስካለች ጫማው ማንንም ወደ ቤቱ አያደርስም ቢባል፣ ግሊንዳ ብታውቅም ብትናገርም ዋጋ የለውም። ሁለት መስመር ንግግር መጀመሪያ ላይ፣ አንድ መስመር መጨረሻ ላይ። በቃ።

ጭማሪው ላይ ፊልሙ ብልህ ነው። በመጽሐፉ ክፉዋ ጠንቋይ በአካል የምትመጣው በ12ኛው ምዕራፍ ነው፤ ፊልም ያን ያህል ያለ ባላንጣ አይጓዝም። ስለዚህ ገና ዶሮቲ ኦዝ እንደገባች አመጧት፣ ካንሳስ ውስጥም በዚያችው ተዋናይት የምትሠራ ክፉ ጎረቤት ፈጠሩ። ሁሉንም ሕልም ማድረጋቸው ግን አይዋጥልኝም። ባውም ዘንድ አውሎ ነፋሱ ቤቱን በእርግጥ ወስዶታል፤ ዶሮቲ ስትመለስ አጎቷ አዲስ ቤት ሠርቶ ነው የምታገኘው።

ይህንኑ ታሪክ ለልምምድ ለምትጽፉ፦ በአሜሪካ መጽሐፉ የማንም ንብረት አይደለም፣ ቀይ ጫማው ግን የፊልሙ ፈጠራ ነው። ዲዝኒ እንኳ በ1985 ፊልሙ ሊጠቀምበት ሲፈልግ ከፍሎበታል። የብሩን ጫማ ጻፉ።